ጋራዥ ወይም ዕቃ ቤት የገባ እንጨት ቦርቧሪ ጉንዳን፦ ከነጎጆው እንዴት ይጠፋል?

"ጋራዡ ውስጥ ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖች አሉ። ፍሊት ነፋሁባቸው። ጠፉ። ከዚያ ተመለሱ። አሁንስ ምን ላድርግ?" ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይደርሰኛል። አንዱ በሩ ሥር ሰጋቱራ አየሁ ይላል፣ ሌላው ክንፍ ያላቸው ወጡብኝ ይላል። ነገሩ ግን አንድ ነው። ስለዚህ መልሱን ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል እነሆ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ወለል ላይ ሲሄድ የምታዩት ጉንዳን ምግብ ፍለጋ የወጣ ሠራተኛ ብቻ ነው። ንግሥቲቱ፣ እንቁላሉና ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ እንጨት ውስጥ ተደብቀዋል። የምታዩትን ሁሉ ብትገድሉ እንኳ ንግሥቲቱ ትተካዋለች። ደግሞም ይህ ጉንዳን ዋና ጎጆውን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት የያዘ እንጨት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሥራው ጎጆውን ማግኘት፣ እዚያው መግደል፣ ከዚያም እንጨቱን ያረጠበውን ውኃ ማቆም ነው። የመጨረሻውን ከዘለላችሁት ሌላ ንግሥት መጥታ እዚያው እንጨት ውስጥ ትገባለች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእጅ ባትሪ፣ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ቀይ ላስቲክ ወይም ቀይ ፌስታል
- ካቻቢቴ፣ መዶሻና መሮ
- ድሪል ከ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ጋር
- የአቧራ መሳቢያ ማሽን (ቫኪዩም)፣ ከረጢት ያለው ቢሆን ይመረጣል
- ቦሪክ አሲድ ዱቄት
- ስኳር፣ ማር፣ ትንሽ የታሸገ ዓሣ ወይም ሥጋ
- ጥጥ፣ የፕላስቲክ ክዳኖች፣ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ
- ዱቄት ለመንፋት የሚያገለግል ጫፉ ቀጭን የፕላስቲክ ጠርሙስ
- ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር
- ሲሊኮን ወይም ሌላ የስንጥቅ መድፈኛ
- እስክሪብቶና ወረቀት፣ ወይም ስልካችሁ፦ የት ምን እንዳያችሁ ለመመዝገብ

ሁሉንም በአንድ ቀን አትገዙ። መጀመሪያ ባትሪውንና ካቻቢቴውን ብቻ ይዛችሁ ፍለጋውን ጨርሱ። ጎጆው የት እንዳለ ሳታውቁ የገዛችሁት መድኃኒት ያለ ቦታው ሊነፋ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፣ ሳትዘሉ አንብቡ

ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ላምባ እንጨት ውስጥ አታፍስሱ። በእሳት ልጠብሳቸው አትበሉ። ጋራዥ ውስጥ የመኪና ነዳጅ፣ ቀለም፣ ማቅጠኛና የጋዝ ሲሊንደር አብረው ይቀመጣሉ፣ አንዲት የእሳት ብልጭታ በቂ ናት። ቤቱን በሙሉ በጭስ የሚሞላው የነፍሳት መድኃኒትም አደጋው ተመሳሳይ ነው፤ የጋዙ እሳት ወይም የውኃ ማሞቂያው በርቶ ከሆነ ሊቀጣጠል ይችላል። ጭሱ ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ያለው ጎጆ ድረስ አይዘልቅም።

ቦሪክ አሲድ ሲዋጥ መርዝ ነው። ልጅ፣ ውሻና ድመት የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። የበጠበጣችሁበትን ዕቃ ዳግም ለምግብ አትጠቀሙበት፣ ላዩ ላይም "መርዝ" ብላችሁ ጻፉበት። ሰው ከዋጠው ከነማሸጊያው ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሕክምና ሂዱ።

ግድግዳ ከመብሳታችሁ ወይም ሶኬት አካባቢ ዱቄት ከመንፋታችሁ በፊት የዚያን ክፍል መብራት ከቆጣሪው አጥፉ።

1. ማን እንደገባ አረጋግጡ

ምስጥ ከሆነ ይህ መመሪያ አይሠራላችሁም። ነቀዝ ከሆነም አይሠራም። ስለዚህ ለዚህ እርምጃ አሥር ደቂቃ ስጡት።

እንጨት ቦርቧሪ ጉንዳን ከተለመደው የቤት ጉንዳን ይገዝፋል። ሠራተኞቹ ከ6 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ፣ በአንድ ጎጆ ውስጥም ትልቅና ትንሽ ተቀላቅለው ታያላችሁ። "ሁለት ዓይነት ጉንዳን ነው የገባብኝ" የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያዩት የአንድ እናት ልጆችን ነው። ቀለማቸው በብዛት ጥቁር ነው፣ ግን ቀላ ያሉና ቡኒ የቀላቀሉም አሉ። አንዱን ያዙና ከጎን ተመልከቱት። ደረቱ ከላይ ሳይጎደጉድ እንደ ቅስት ክብ ብሎ ይወርዳል፣ ወገቡ ላይ ደግሞ አንዲት ጉብታ ብቻ አለች። አይናደፍም፣ ግን ሲነክስ ያማል፤ የነከሰበት ላይም የሚያቃጥል አሲድ ይረጫል። ስለዚህ በጓንት ያዙት።

ክንፍ ያለው ከሆነ ከምስጥ ጋር ይምታታል። እንዲህ ለዩት፦ ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው፣ የፊት ክንፎቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፣ አንቴናው መሐል ላይ ይታጠፋል። ምስጥ ወገቡ ደልደል ያለ ነው፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው።

እንጨቱም ራሱ ይናገራል። የዚህ ጉንዳን ዋሻ ንጹሕና በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ያህል ልስልስ ነው። ምስጥ ዋሻው ውስጥ ጭቃ ይለስናል። ነቀዝ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ክብ ቀዳዳዎችና እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ይተዋል።

ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ከግድግዳው ወይም ከኮርኒሱ ውስጥ ሲወጡ ካያችሁ ጎጆው እዚያው ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው፣ አዲስም አይደለም። አንድ ጎጆ ክንፋሞችን ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከ3 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በተቃራኒው አንድ ሁለት ጉንዳን ወለል ላይ ሲንከራተቱ ማየት ብቻውን ጎጆ መኖሩን አያረጋግጥም፣ ከውጭ ምግብ ፍለጋ ገብተው ሊሆን ይችላል።

2. ሰጋቱራውን ፈልጉ

ይህ ጉንዳን እንጨት አይበላም። ይቦረቡራል፣ ከዚያ የቦረቦረውን ወደ ውጭ ይጥላል። ለእናንተ ትልቅ ዕድል ነው፣ ቦታውን ራሱ ያሳብቃል።

ወለሉን አንድ ጊዜ በደንብ ጥረጉና ሁለት ሦስት ቀን ቆዩ። አዲስ የእንጨት ብናኝ የተከመረበት ቦታ ላይ ቀና ብላችሁ ከላዩ ያለውን ስንጥቅ ፈልጉ። ብናኙን በጣታችሁ ዘርዘር አድርጉት። የጉንዳን ሰጋቱራ ውስጥ የነፍሳት እግር፣ ክንፍ፣ የሞተ ጉንዳን ራስ ይገኛል፤ ቆሻሻቸውን ሁሉ በዚያው በር ነውና የሚያወጡት። በመጋዝ የወጣ ሰጋቱራ ግን ንጹሕ እንጨት ብቻ ነው።

ጋራዥና ዕቃ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የምታዩዋቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ የትልቁ በር መቃን የታችኛው ጫፍ፣ ዝናብ የሚረጭበት ስለሆነ። ከአሸንዳው ሥር ያለ ግድግዳ። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ የቆመ ቋሚ እንጨት፣ ሲሚንቶ እርጥበት ስለሚያሳልፍ። የመስኮት ደፍ። ቆርቆሮው የሚያፈስበት ኮርኒስና ወራጅ። የውኃ ቧንቧ የሚያልፍበት ጥግ። ከዚያ ደግሞ ሰው የሚረሳቸው፦ ውስጡ ክፍት የሆነ የእንጨት በር፣ ለሙቀት መከላከያ የተደረገ ፎም፣ ለዓመታት ጥግ ተደግፎ የቆየ ጣውላ፣ አሮጌ ካርቶን።

3. ማታ ወጥታችሁ ተከተሏቸው

ከሁሉም እርምጃዎች ለዚህኛው ትዕግሥታችሁን አታጓድሉበት። ጎጆው የሚገኘው እዚህ ላይ ነውና።

እነዚህ ጉንዳኖች በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥሩ እንቅስቃሴ ይታያል። በቀን አይታችሁ "ሦስት ብቻ ናቸው" ያላችሁት በዚህ ሰዓት ሰልፍ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ባትሪው ላይ ቀዩን ላስቲክ ሸፍኑ። ጉንዳኖች ቀይ ብርሃን በደንብ አያዩም፣ ስለዚህ ሳይደነግጡ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ነጭ ብርሃን ድንገት ሲበራባቸው ግን ይበታተናሉ፣ የምትከተሉትም ታጣላችሁ።

ቀን ላይ በብዛት ባያችሁበት ቦታ፣ ክዳን ላይ አንድ ጠብታ ማር አድርጉ። ሌላ ክዳን ላይ ትንሽ ዓሣ ወይም ሥጋ። ከመሸ በኋላ ተመለሱ። ሁለት ነገር ትማራላችሁ። አንደኛ፣ አሁን የሚፈልጉት ጣፋጭ ነው ወይስ ሥጋ ነክ? እጭ በብዛት ሲያሳድጉ ወደ ሥጋ ነክ ያዘነብላሉ፣ በሌላ ጊዜ ጣፋጭ ይወዳሉ። ይህ መልስ እርምጃ 5 ላይ ይጠቅማችኋል። ሁለተኛ፣ ጠጥተው የጠገቡት ሆዳቸው አብጦ ያብረቀርቃል። እነዚህን ተከተሉ። ባዶ ሆዱን የሚሄደው የትም ሊሄድ ይችላል፣ የጠገበው ግን ወደ ጎጆው ነው የሚመለሰው።

ሲሄዱ ጠርዝ ይወዳሉ። የግድግዳና የወለል መጋጠሚያ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ቧንቧ፣ የአጥር ጫፍ፣ ግድግዳውን የነካ ቅርንጫፍ ሁሉ መንገዳቸው ነው። ዱካቸው ወደ ውጭ ከወጣ እናንተም ውጡ። ከጎጆአቸው እስከ 100 ሜትር ሊርቁ ስለሚችሉ የጋራዡ ጉንዳን መነሻው ግቢው ጥግ ያለ ጉቶ ሆኖ ቢገኝ አይግረማችሁ። በአንድ ማታ ካልተሳካላችሁ በሚቀጥለው ማታ ያቆማችሁበት ቦታ ላይ ማሩን አስቀምጡና ከዚያ ቀጥሉ።

4. እንጨቱን አንኳኩ፣ ውጉ፣ አዳምጡ

የጠረጠራችሁትን እንጨት በካቻቢቴው እጀታ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ድፍን እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተቦረቦረው ግን ባዶ ዕቃ እንደተመታ ያህል ይሰማል። ከዚያ በጫፉ ጫን አድርጉ። በቀላሉ ከሰመጠ ወይ በስብሷል ወይ ውስጡ ባዶ ነው።

ጆሯችሁን በባዶ ብርጭቆ አስደግፋችሁ እንጨቱ ላይ ለጥፉ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ጊዜ መታ አድርጉት። ጎጆው እዚያ ካለ ጉንዳኖቹ ሲረበሹ እንደ ደረቅ ወረቀት የመንኮሻኮሽ ድምፅ ይሰማል። ጸጥ ባለ ሌሊት ሳትመቱትም ሊሰማ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ። የሰመጠው እንጨት ጣሪያ የተሸከመ ወራጅ ወይም ቋሚ ከሆነ ከዚህ በላይ አትቆፍሩት። መጀመሪያ ድጋፍ ይቁምለት፣ አናጺ ይየው።

አሁን ደግሞ ወሳኙ ጥያቄ፦ ያገኛችሁት ዋናው ጎጆ ነው ወይስ ቅርንጫፉ? ይህ ጉንዳን ንግሥቲቱ ያለችበት አንድ ዋና ጎጆና በአካባቢው ብዙ ቅርንጫፎች ሊኖሩት ይችላል። ንግሥቲቱ፣ እንቁላሉና ገና የተፈለፈለው እጭ እርጥበት ካጡ ስለሚደርቁ ዋናው ጎጆ የግድ እርጥብ ቦታ ይፈልጋል። አድገው የጨረሱትን እጮችና በሽፋን የተጠቀለሉትን ሙሽሬዎች ግን ሠራተኞቹ ተሸክመው ደረቅና ሞቅ ወዳለ ቦታ ይወስዷቸዋል። ጋራዥ ለዚህ ይመቻል። ስለዚህ እንጨቱን ስትከፍቱ ሠራተኛና ሞላላ ሽፋኖች ብቻ ካያችሁ፣ እንጨቱም ደረቅ ከሆነ፣ ያገኛችሁት ቅርንጫፉን ነው። ብዙ ሰው እነዚያን ሽፋኖች "እንቁላል" ይላቸዋል፤ እውነተኛው እንቁላል ግን በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ደቃቅ ነው።

ቅርንጫፉን ብቻ አጥፍቶ ማረፍ የለም። ዋናውን ውጭ ፈልጉት፦ ጉቶ፣ የደረቀ ዛፍ፣ መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ፣ የተከመረ ማገዶ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ የአጥር እንጨት፣ በቁሙ ውስጡ የተቦረቦረ ዛፍ።

5. ጎጆውን አጥፉ

ሦስት መንገዶች አሉ። እንደ ሁኔታው አንዱን ወይም ሁለቱን ትጠቀማላችሁ።

ሀ. ጎጆው እጃችሁ የሚደርስበት ከሆነ። እንግዲያውስ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም። ቀን ላይ ሥሩ፣ ብዙዎቹ ቤታቸው ናቸውና። ጓንትና መነጽር አድርጉ። የቫኪዩሙን አፍ ቀድማችሁ አስጠጉና እንጨቱን በመሮ ክፈቱት። ሲወጡ እየተከተላችሁ ሳቡ፣ እንቁላልና እጩን ጭምር። ከሌሎቹ የምትገዝፍ፣ ሆዷ የረዘመ ጉንዳን ካገኛችሁ ንግሥቲቱ ናት፤ እሷን ሳትይዙ አታቁሙ። ሠራተኞቹ ሌላ ንግሥት ማንገሥ አይችሉም፣ ስለዚህ እሷ ከሞተች ጎጆው አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም። ከጨረሳችሁ በኋላ የቫኪዩሙን ከረጢት ወዲያው በፌስታል አሽጉና ሳሙና ያለበት ውኃ ውስጥ ድፉት፣ ወይም ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡት። ካልሆነ ከማሽኑ ራሱ ተመልሰው ይወጣሉ።

ማገዶ ወይም የተጋደመ ግንድ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ከግቢ ማውጣት ነው። ማገዶ ላይ የነፍሳት መድኃኒት አትንፉ። ሲነድ ጭሱን የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ።

ለ. ጎጆው ግድግዳ ወይም መቃን ውስጥ ከሆነ። ዱቄት ነው የሚሻለው። ዱቄት ተንሳፍፎ ፈሳሽ የማይደርስበት ዋሻ ድረስ ይገባል፣ ጉንዳኖቹም በገላቸው ይዘውት ይዞራሉ፣ ራሳቸውንና እርስ በርስ ሲያጸዱ ይውጡታል።

መብራቱን አጥፉ። ሰጋቱራ ባያችሁበትና ድምፅ በሰማችሁበት አካባቢ ከ8 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ብሱ። ዋሻዎቹ የእንጨቱን ጭረት ተከትለው ስለሚሄዱ እናንተም ቀዳዳውን በዚያው አቅጣጫ ደርድሩት። ድሪሉ ድንገት ወደ ፊት ስምጥ ካለ ዋሻ አገኛችሁ። ደረቅ ቦሪክ አሲድ ዱቄት በጠርሙሱ ቀጭን ጫፍ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ጨመቅ አድርጋችሁ ንፉ። ጠርሙሱን እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉት፣ ዱቄቱ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እንዲወጣ። ስስ ሽፋን ነው የምንፈልገው። ከከመራችሁበት ጉንዳኑ ዞሮት ያልፋል፣ የሚሞትም የለም። ስትጨርሱ ቀዳዳዎቹን ድፈኑ፣ የፈሰሰውን ዱቄት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

ዲያቶም ከሚባሉ ደቃቅ የውኃ አልጌዎች ቅሪት የሚሠራው ነጭ ዱቄትም ይሠራል። የጉንዳኑን የሰም ሽፋን እያበላሸ ያደርቀዋል። ግን ሲረጥብ ከሥራ ውጭ ስለሚሆን፣ የሚያፈስ እንጨት ውስጥ ከመንፋታችሁ በፊት መጀመሪያ ፍሳሹን አቁማችሁ እንጨቱ ይድረቅ።

ሐ. ጎጆው ካልተገኘ ወይም ካልተደረሰበት። ማባበያ፣ ማለትም መርዝ የተቀላቀለበት ምግብ፣ ተጠቀሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሠራተኛው ይጠጣል፣ ሳይሞት ቤቱ ይደርሳል፣ ከአፉ እያወጣ ለጓደኞቹ፣ ለእጮቹና ለንግሥቲቱ ያካፍላል።

አሠራሩ ይህ ነው። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ 5 ግራም ቦሪክ አሲድ፣ ማለትም ልክክ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ጨምራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አማስሉ። ከዚያ 50 ግራም ስኳር ጨምሩ። መርዙ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። "ትንሽ ላብዛውና ቶሎ ይግደል" የሚለው ሐሳብ ሁሉንም ነገር ያበላሻል። ከበዛ ወይ ቀምሰው ይተውታል ወይ መንገድ ላይ ይሞታሉ፣ ንግሥቲቱ ጋ ግን አይደርስም።

ጥጥ በዚህ ውኃ ነክራችሁ ክዳን ባለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጉ። ዕቃው ጎን ላይ ጉንዳን ብቻ የሚያስገቡ ጥቂት ቀዳዳዎች ይኑሩት። ሰልፋቸው አጠገብ አስቀምጡት እንጂ ሰልፉ ላይ አትደንቅሩት። አንዱ ቦታ ብቻ ሳይሆን መንገዳቸው ላይ ሦስት አራት ቦታ ይሁን። ጥጡ ከደረቀ ወይም ከሻገተ አይነኩትም፣ ስለዚህ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሩት። እርምጃ 3 ላይ ሥጋ ነክ የመረጡ ከሆነ ደግሞ ያንኑ 1 በመቶ ጠብቃችሁ ከደቀቀ ዓሣ ጋር ለውሱት፣ ለ100 ግራም ዓሣ 1 ግራም። እሱ ቶሎ ስለሚበላሽ በየቀኑ ይቀየራል።

ፈሳሹን የምናስቀድመው አዋቂ ጉንዳን ጠጣር ምግብ መዋጥ ስለማይችል ነው። ጠጣሩን ለእጮቹ ነው የሚወስደው።

ውጤቱ በሳምንታት ነው የሚቆጠረው። መጀመሪያ ላይ የሚመጡት ይበዛሉ። እዚህ ላይ ሰው ይደነግጥና ፍሊቱን ያነሳል። አታንሱት! እየመጡና እየጠጡ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው።

በራሳችሁ መበጥበጡ ካልተመቻችሁ ለጉንዳን ተብሎ የተዘጋጀ ዝግጁ ማባበያ ግዙ፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያም ቃል በቃል ተከተሉ።

6. ውኃውን አቁሙ

ጉንዳኑን የጠራው እርጥበቱ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጋራዡ ውስጥ ገብታችሁ ቁሙና ውኃው በየት እንደሚገባ በዓይናችሁ እዩ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ድፈኑ፣ ምስማሩ የላላውን አጥብቁ። አሸንዳውን ከቅጠል አጽዱ፤ የተደፈነ አሸንዳ ውኃውን ወደ ግድግዳው ነው የሚመልሰው። የአሸንዳው መውረጃ ውኃውን ከግድግዳው አርቆ ይጣል። አፈር ግድግዳው እንጨት ላይ ተቆልሎ ከሆነ ገለል አድርጉት፣ በአፈሩና በእንጨቱ መካከል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። መኪናውን እርጥብ እንደሆነ የምታስገቡ ከሆነ ወለሉ ላይ የሚቀረው ውኃ ወደ በሩ እንዲወርድ ጥረጉት። መስኮት ክፈቱ፣ አየር ይግባ።

7. የተበላሸውን እንጨት ቀይሩ

የለሰለሰውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ጤናማው እንጨት እስኪገኝ ድረስ። ባዶውን ዋሻ በመድፈኛ ሞልቶ ቀለም መቀባት መፍትሔ አይደለም። የተቦረቦረ እንጨት ለሚቀጥለዋ ንግሥት የተዘጋጀ ቤት ነው፣ መቦርቦር እንኳ አይጠበቅባትም። አዲሱ እንጨት የደረቀ ይሁን። ከመግጠማችሁ በፊት ቦሬት ያለበት የእንጨት መከላከያ (ቦሬት የቦሪክ አሲድ ዘመድ ነው) ቀቡት፣ በተለይ የተቆረጡት ጫፎች በደንብ ይጠጡ፤ ውኃ በቀላሉ የሚሰርገው በጫፉ በኩል ነውና። ሲሚንቶ ላይ የሚቆም ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ወይም ብረት ይግባለት።

8. መንገዳቸውን ዝጉ

ይህን ከሁሉም በኋላ ነው የምታደርጉት። ጎጆው ሳይሞት ስንጥቁን ከደፈናችሁ ሌላ መውጫ ይቦረቡራሉ፣ እናንተም የምታውቁትን ዱካ ታጣላችሁ።

ጣሪያውንና ግድግዳውን የሚነኩ ቅርንጫፎችን ቁረጡ። ገመድና ቧንቧ የሚገባበትን ዙሪያ በሲሊኮን ድፈኑ። ማገዶና ጣውላ ከግድግዳው አርቃችሁ፣ ከመሬቱ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ደርድሩ። ማገዶ ወደ ውስጥ ስታስገቡ የዚያን ቀኑን ብቻ። ግቢ ውስጥ ያለ ተክል ላይ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት) ካለ እሱንም አስወግዱ፤ ከክሽክሽ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ የእነዚህ ጉንዳኖች ዋና ምግብ ነው። ጉቶውን ንቀሉት። በቁሙ ያለ ዛፍ ውስጥ ከገቡ ግን ዛፉን ለመቁረጥ አትቸኩሉ፣ የገቡት ቀድሞ በበሰበሰው ክፍል ነው፤ ግንዱ ሥር ማባበያ አስቀምጡ።

9. ተከታተሉ

ወለሉን እንደገና ጥረጉና ጠብቁ። በየሳምንቱ አንድ ማታ ማር ያለበትን ክዳን አስቀምጣችሁ እዩ። አዲስ ሰጋቱራ ከሌለና ማሩን የነካው ከሌለ ጥሩ ነው። ከወር በኋላም ሰልፉ ካልቀነሰ ሌላ ጎጆ አለ ማለት ነው፣ ወደ እርምጃ 3 ተመለሱ። ሙቀት ሲጨምርና ከዝናብ በኋላ ክንፋሞች የሚወጡበት ጊዜ ስለሆነ ያኔ ዓይናችሁን ክፈቱ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

ማባበያ አስቀምጦ አጠገቡ ፍሊት መንፋት። ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ነው። ፍሊቱ ጉንዳኑን ያባርረዋል፣ ማባበያውም የፍሊት ሽታ ይይዛል፣ የሚቀርብ አይኖርም። ማባበያ ከመረጣችሁ ማባበያ ብቻ። ቀድማችሁ ነፍታችሁ ከሆነ ቦታውን በሳሙናና ውኃ አጥባችሁ ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ጀምሩ፣ ወይም ማባበያውን ካልተነፋበት መንገዳቸው ላይ አድርጉት።

ሰልፉን እያዩ መጨፍለቅ። ወደ ጎጆው መርዙን የሚወስድላችሁ እሱ ነው።

ሁለት ቀን ጠብቆ "አይሠራም" ብሎ ሌላ መድኃኒት መቀየር። ቀስ ብሎ እንዲገድል ነው የተሠራው።

ኬሚካሉን ማሸጊያው ከሚለው በላይ ማብዛት። ጉንዳኑን ያባርራል፣ እናንተን ደግሞ ይጎዳል።

ቅርንጫፉን አጥፍቶ ዋናውን መተው። ጋራዡ ለጊዜው ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ከጉቶው ተነስተው ይመለሳሉ።

ባለሙያ መጥራት ያለባችሁ መቼ ነው?

ጣሪያ የተሸከመ እንጨት ከተቦረቦረ፣ ክንፋሞች ከብዙ ቦታ ከወጡ፣ ጎጆው የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ከሆነ፣ ወይም ሁሉንም ሠርታችሁ ከሁለት ወር በኋላም አዲስ ሰጋቱራ ካገኛችሁ። ለሚመጣው ሰው የመዘገባችሁትን አሳዩት፦ ሰጋቱራው የት እንደነበር፣ ሰልፉ በስንት ሰዓት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደነፋችሁና መቼ። የተያዘ ጉንዳንም በትንሽ ብልቃጥ አስቀምጡለት። ከመጀመሩ በፊት "ጎጆውን ትፈልጋለህ ወይስ ዙሪያውን ነፍተህ ትሄዳለህ?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ሁለተኛውን ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።